ቤንዚኑ የት ገባ

ማክሰኞ

ቦቴው ዛሬም አልመጣም። ጠዋት ማደያውን ስንከፍት የባጃጅ ሰልፉ ከእኛ በር ተነሥቶ እስከ መናኸሪያው መታጠፊያ ደርሷል። አንዳንዶቹ ባጃጃቸው ውስጥ ነው ያደሩት። ፊታቸውን በፕላስቲክ ውሃ ታጥበው ቀጥ ብለው ወደ እኔ ይመጣሉ፤ መቼ ነው የሚመጣው ይሉኛል። እኔ ምን አውቃለሁ። ነዳጅ ቀጂ ነኝ። ቦቴው የት እንዳለ እንኳን ለእኔ፣ ለሥራ አስኪያጃችን ለአቶ ክፍሌም የሚነግራቸው የለም።

የጠፋው ቤንዚን ነው። ናፍጣ አለን። ስለዚህ ሚኒባሱ፣ አውቶቡሱ፣ አይሱዙው እየገባ ቀድቶ ይወጣል፤ ባጃጅና ሞተር ቆሞ ያያል። ይሄ ደግሞ ይበልጥ ያናድዳቸዋል። አንዱ "ናፍጣውን ስጪኝና ልሞክረው" አለኝ፣ የምሩን ይሁን የቀልዱን እንጃ። ከድር፣ አብሮኝ የሚቀዳው ልጅ፣ "ለባጃጅህ ናፍጣ ከምትሰጣት ጠላ ብትሰጣት ይሻላታል" አለው። ሰው ሳቀ። ከድር እንዲህ ነው፤ ሰልፉ ሊደፈርስ ሲል አንድ ነገር ይወረውራል።

ከዚያ ወሬው በዚያው ቀጠለ። ማን ምን እንደሚጠጣ። የወፍጮው ሞተር ናፍጣ፣ የመስኖው ፓምፕ ቤንዚን፣ አውሮፕላን ደግሞ የላምባ ዘመድ የሆነ ነገር ነው ይላል ከድር። አንድ ባለጋሪ ቆሞ ሲሰማ ነበር፤ "የእኔ ሣርና ፉርሽካ ነው፣ ደህና ዋሉ" ብሎ ፈረሱን ነካ አድርጎ ሄደ። በዚህ ሳምንት ወልቂጤን የያዟት ባለጋሪዎች ናቸው።

ከሳቁ ኋላ ግን ፈራሁ። ትናንት አንድ ሰው የቢሮውን መስኮት በድንጋይ መቶታል። ደብቃችሁ በጀሪካን ትሸጣላችሁ ይሉናል። የሚሸጥ ማደያ ይኖር ይሆናል፣ እኛ ጋ ግን የቤንዚኑ ጉድጓድ ደረቅ ነው። የመለኪያውን ዘንግ አስገብቼ አሳየኋቸው። አላመኑኝም።

ማታ ታላቅ ወንድሜ ታምራት ከቡታጅራ ደወለ። እዚያም ያው ነው። መካኒክ ነው፣ ጋራዡ ሥራ በዝቶበታል፤ ሰዉ ከመንገድ ዳር ከላምባ ጋር የተቀላቀለ ቤንዚን እየገዛ ሞተሩን ያበላሻል፣ እሱ ያጥባል። "ሥራውን ተዪና ነይ" አለኝ እንደ ልማዱ። እዚያ ሄጄ ምን ልሠራ።

ረቡዕ

የሥራ ልብሴን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ቦቴው ከቀትር በኋላ መጣ። በዝናብ። ቤንዚንም ናፍጣም ጭኗል፤ በየራሱ ክፍል። ሰልፉ ፈረሰ፣ ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ገፋ። አቶ ክፍሌ አንድ እጃቸውን ዘርግተው ሕዝቡን እየመለሱ በሌላው ለቦቴው ሹፌር የጉድጓዱን ክዳን ያሳያሉ። ሁለቱ ክዳኖች ጎን ለጎን ናቸው። ቀለማቸው ከለቀቀ ቆይቷል። እኔ ፓምፑ ጋ ነበርኩ፤ ሲያሳዩ አይቻለሁ፣ የትኛውን እንዳሳዩ ግን ልብ አላልኩም።

ገና መቅዳት ሳንጀምር ጀርባው ላይ "ማን ያውቃል" የሚል የተጻፈበት አንድ ባጃጅ በጎን ገባ። ሰልፈኛው ሊያስቀረው ጮኸ። ሹፌሩ ወርዶ የኋላውን ሸራ ገለጠና "ምጥ ይዟታል፣ አታት ሆስፒታል ላደርሳት ነው" አለ። ሚስቱ ወንበሩ ላይ ጋደም ብላ የሸራውን ብረት በሁለት እጇ ይዛለች። ፊቷ ላብ ብቻ ነው። ድምፅ አታሰማም። ዝም ማለቷ ነው ያስፈራኝ።

"እሱን ላስቀድም፣ እባካችሁ" አልኩ። አጉረመረሙ፣ ግን መንገድ ለቀቁ። ፊት ያሉት ሁለት ሰዎች ባጃጁን ራሳቸው ገፍተው አስጠጉልኝ። ቀዳሁለት። "እግዜር ይስጥሽ እህቴ" ብሎ በረረ። ደስ አለኝ። እውነት ለመናገር በዚህ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ያለኝ ያኔ ነበር።

ከዚያ ለሁለት ሦስት ሞተሮች ቀዳሁ። አንዱ ላይ ትንሽ ፈሰሰና እጄን ነካኝ። ቤንዚን እጅ ላይ ሲፈስ ብርድ ብርድ ይላል፣ ወዲያው ይጠፋል። ይሄ አልጠፋም። ቅባት ሆኖ ቀረ። በጨርቅ ጠረግሁት፣ አሁንም አለ። ወደ ከድር ሄጄ እጄን አፍንጫው ሥር አደረግሁለት። አሸተተና አየኝ።

"ናፍጣ ነው" አለ ቀስ ብሎ።

"ቤንዚን ፓምፕ ነው እኮ የቀዳሁት።"

"አውቃለሁ። ናፍጣ ነው ወላሂ።"

ፓምፑን አጠፋሁት። አቶ ክፍሌ እየሮጡ መጡ። ነገርኳቸው። የዝናብ ውሃ ገብቶበት ይሆናል፣ ቅጂ አሉኝ። ውሃ ቅባት አይሆንም አልኳቸው። ቅጂ አሉኝ ደግመው፣ በጥርሳቸው። አልቀዳም አልኩ። እንዲህ ብዬ ለእሳቸው መልሼ አላውቅም። ሕዝቡን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ፓምፑ ተበላሽቷል አሉ። የተነሣውን ጩኸት አልጽፈውም።

አሁን ቤቴ ነኝ። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያ ባጃጅ አታት ደርሶ ይሆን?

ሐሙስ

ጠዋት አቶ ክፍሌ ሰብስበውን ተናገሩ። ቦቴው ተሳስቶ የተወሰነ ናፍጣ ቤንዚኑ ጉድጓድ ውስጥ ገልብጧል። ሌላ ቦቴ ቤንዚን ሲመጣ ይቀላቀላል፣ ይቀጥናል፣ ችግር የለውም። እስከዚያ ለማንም ትንፍሽ እንዳንል። ወሬው ከወጣ ማደያው ይዘጋል፣ ሁላችንም እንጀራችንን እናጣለን። ይህን ሲሉ እኔን ነበር የሚያዩት።

ትናንት ከቀዳሁላቸው ሁለቱ ሞተራቸውን እየገፉ መጡ። ነጭ ጭስ ጭሶ ቀጥ አለ ይላሉ። አቶ ክፍሌ ሞተራችሁ አርጅቷል አሏቸው። አንደኛው ከጉብሬ ነው እየገፋ የመጣው፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። እኔን አየኝ። ዓይኔን ሰበርኩ። በጣም አፈርኩ።

ቀኑን ሙሉ ናፍጣ ስቀዳ ዋልኩ። በየመሀሉ ባጃጅ ነጂዎቹን እጠይቃለሁ፤ ጀርባው ላይ "ማን ያውቃል" የሚል የተጻፈበት ባጃጅ አይታችኋል? አንዱ፣ ነጂው የጉንችሬ ልጅ ነው፣ እዚህ ቤት ተከራይቶ ነው የሚኖረው አለኝ። ከትናንት ወዲህ ያየው ግን የለም።

አመሻሹ ላይ ለታምራት ደወልኩለት። ሁሉንም ነገርኩት። 

"መጀመሪያ የቀዳሽለት እሱ ነው?" አለ።

"እሱ ነው።"

"እንግዲያው ቧንቧው ውስጥ የቆየ ጥሩ ቤንዚን ነበር፣ ከፊሉ እሱ ይሆናል የደረሰው። ትንሽ ይሄድለታል። ከሌሎቹ ይሻላል።"

"እስከ የት ይሄድለታል?"

"እሱን አላውቅም ምሕሬ። ዳገት ላይ ይተወዋል።"

ሞተሩ ግን አይሞትም አለ። ታንኩ ተገልብጦ፣ ካርቡሬተሩ ታጥቦ፣ ካንዴላው ከተጸዳ ይነሣል። ትንሽ ቀለል አለኝ። ቻው ልለው ስል አንድ ነገር ጠየቀኝ።

"ቆይ። ናፍጣው ቤንዚኑ ጉድጓድ ከገባ፣ ቤንዚኑ የት ገባ?"

 ቁጭ ብዬ ነበር፣ ተነሣሁ።

"ምሕረት፣ ትሰሚኛለሽ? ቤንዚኑ የናፍጣው ጉድጓድ ውስጥ ከገባና እሱን ለሚኒባስ እየቀዳችሁ ከሆነ፣ የባጃጁን እርሺው። ናፍጣ ማለት ነዳጁን ወደ ሞተሩ ለሚገፋው ፖምፓ ቅባቱም ነው። ቤንዚን ሲገባበት ፖምፓው ደርቆ ይበላል። ሞተሩ ያንኳኳል፣ ይግላል፣ ሰው ጭኖ አቀበት ላይ ይቆማል። ዛሬ ቀድታችኋል?"

ቀኑን ሙሉ አልኩት። ቀኑን ሙሉ ቀዳሁ። ለሚኒባሶቹ፣ ጤፍ ለጫነው አይሱዙ፣ ለሁሉም ቀዳሁ። ግቢው ሁሉ ቤንዚን ቤንዚን ይሸት ስለነበር አልለየሁትም። የትኛው የት እንደሄደ አላውቅም። አንዳንዶቹ ወደ አረቅጥ የሚወጡ ናቸው። ያ መንገድ በዝናብ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ።

ለአቶ ክፍሌ ደወልኩ። አያነሡም።

ዓርብ

ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ። ከድር መጣ፣ "አሰላሙ አለይኩም" ብሎ ሳይጨርስ ነገርኩት። ከናፍጣው ፓምፕ ጥቂት በጀሪካን ክዳን ቀዳንና እጃችን ላይ አፈሰስን። ከፊሉ በረደ፣ ተነነ። ከፊሉ ቀረ። ከድር ጨርቁን መሬት ጣለና "ትናንት ስንቱን ሰው ነው የላክነው" አለ። 

አቶ ክፍሌ መጡ። እንዲህ ተባባልን፦

"አቶ ክፍሌ፣ ናፍጣውም ተበላሽቷል። ቤንዚን አለበት።"

"ማን ነው ያለሽ?"

"ራስዎ ያሽትቱት።"

"ጉድጓዱ እኮ ግማሽ ድረስ ናፍጣ ነበረው። ትንሽ ቢገባበት ምን ይሆናል?"

"መኪና ሰው ጭኖ አቀበት ላይ ይቆማል።"

"አንቺ መካኒክ ነሽ?"

"ወንድሜ ነው።"

 ላባቸው ግንባራቸው ላይ ነበር፣ በዚህ ብርድ። ያኔ ገባኝ፤ ያውቃሉ። ከረቡዕ ጀምሮ ያውቃሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ፈርተዋል። እኔ ግን ከእሳቸው ፍርሃት ጋር አብሬ መቀመጥ አልቻልኩም። አልቀዳም አልኩ። ከድርም ጎኔ ቆሞ እኔም አልቀዳም አለ። እንግዲያው ወደ ቤታችሁ ሂዱ አሉን።

ወደ ቤት አልሄድንም። ከድር ወደ መናኸሪያ ሮጠ፣ እኔ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት። በር ላይ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። ይሄ የአንድ ለአምስቱ ስብሰባ መቼም አያልቅ። ቆሜ ጠበቅሁ። በመጨረሻ አንድ ባለሙያ ወጣ፣ ወጣት ነው፣ ረጋ ያለ። እስክጨርስ አልቋረጠኝም። ከዚያ ጃኬቱን አንሥቶ "ነይ አሳዪኝ" አለ። ሁለት ፖሊስ አስከትሎ መጣ። ከሁለቱም ፓምፕ በጠርሙስ ቀዳ፣ ክዳኖቹን ዘጋ፣ ፓምፖቹን አሸገ።

ቆሞ የነበረው ሰው አላመሰገነኝም። አንዱ "አሁን ደግሞ ናፍጣውንም አዘጋችብን" አለ። አቶ ክፍሌ ቢሯቸው በር ላይ ቆመው "አንቺ ነሽ" አሉኝ። ሌላ ምንም። ስድብ ቢጨምሩበት ይሻለኝ ነበር።

መናኸሪያ ስደርስ ከድር ከተራ አስከባሪዎቹ ጋር ሆኖ ስልክ ያስደውላል። ትናንት ከእኛ የቀዱት ሹፌሮች አንድ በአንድ ይጠራሉ። አንዳንዱ እዚያው ተገኝቶ ታንኩን ሊያስገለብጥ ሄደ። አይሱዙው ከሌላ ቦታ ሞልቶበት ስለነበር ብዙም አልተሰማው። ወደ አረቅጥ የወጣው ሚኒባስ ግን አያነሣም። ኔትወርክ የለም ትላለች የስልኳ ሴትዮ። ደግመው ደወሉ፣ ኔትወርክ የለም። ከድር ለዓርብ ስግደት ሄዶ ተመለሰ፣ አሁንም የለም። ተራ አስከባሪው ስልኩን ለእኔ ሰጠኝና "አንቺ ሞክሪው፣ እኔ ልቤ ደከመ" አለ።

አነሣ። ሹፌሩ ራሱ ነው። አቀበቱ ላይ አንኳኳብኝ፣ ጠረጠርኩና ሰዉን ሁሉ አስወርጄ ድንጋይ አስደግፌ ቆሜያለሁ አለ። ተሳፋሪው በእግሩ እየሄደ ነው። የተጎዳ የለም። መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ከድር "አልሐምዱሊላህ" እያለ ዞር አለ፣ እንዳላየው መሰለኝ።

እቤት መግቢያው ላይ ያለችው ባለሱቅ ግን ሌላ ወሬ ነገረችኝ። ረቡዕ ዕለት ከጉብሬ ወዲያ አንዲት ነፍሰ ጡር መንገድ ላይ ቀርታለች አሉ። ሞታለች የሚሉም አሉ አለችኝ፣ ስኳር እየመዘነች።

ቅዳሜ

ሥራ የለኝም፤ ስለዚህ ሄድኩ። ሚኒባስ ውስጥ ከመግባቴ በፊት ሹፌሩን ከየት እንደቀዳ ጠየቅሁት። "አንቺም ሰምተሻል?" አለኝ። መኪናው ውስጥ ያለው ወሬ በሙሉ ስለ እኛ ማደያ ነበር። አንዷ ቀጂዋ ናት አሉ ያገለባበጠችው አለች። ሻርፔን እስከ አፌ ሳብኩ።

ጉብሬን አልፈን ጥቂት እንደሄድን አየሁት። ባጃጁ መንገድ ዳር፣ እንሰቱ ጥግ፣ ላስቲክ ለብሶ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ተደርጎበት ቆሟል። አጠገቡ አንድ ሰው ቁጢጥ ብሎ የሆነ ነገር ይፈታል። ወራጅ አልኩ።

እሱ ነው። ቀና ብሎ አየኝና ወዲያው አወቀኝ።

"አንቺ ነሽ የቀዳሽልኝ።"

"እኔ ነኝ።"

 ስለ ሚስቱ መጠየቅ ፈራሁ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ መጀመሪያ ስለ ነዳጁ ነው የነገርኩት፤ ናፍጣ እንደነበረ፣ ሲፈስብኝ እንደለየሁት፣ ያኔ እሱ ከሄደ በኋላ እንደነበረ።  እጁን ሣር ላይ ጠረገ።

"ስትቀጂልኝ ታውቂ ነበር?"

"አላውቅም ነበር።"

"ምነው ያን ቀን ሰልፉን ባላስለቀቅሽልኝ" አለ። በንዴት አይደለም። እያሰበ ነው ያለው። ያ ነው የወጋኝ።

ከዚያ ራሱ ነገረኝ። ስሙ ሳህሌ ነው፣ ሚስቱ ብርቄ። እዚህ ሲደርሱ ባጃጁ ጭሶ ቆመ። ምጡ ጸንቷል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ መንገዱ ላይ መኪና የለም። ቆጮ ጭኖ ወደ ገበያ የሚሄድ ባለጋሪ ደረሰ። ሰውየው ምንም ሳይጠይቅ ቆጮውን እዚያው ጭቃ ላይ አራገፈ። ብርቄን ጋሪው ላይ አስተኟት፣ በኮባ ቅጠል ሸፈኗት፣ ሳህሌ ጎኗ እየሮጠ እጇን ይዞ አታት ደረሱ። ቆጮውን የሰፈሩ ሰዎች ጠብቀው አቆዩለት።

"ከዚያስ?" አልኩት። 

"በኦፕራሲዮን ወለደች። ሴት ናት። ሕፃኗ ደህና ናት። እናትየዋ ብዙ ደም ፈሷታል። ደም ሰጠናት፣ ግን ገና አልነቃችም በደንብ። ያተኩሳታል። ሐኪሙ እንጠብቅ ነው የሚለው።"

በሕይወት አለች። ያንን ብቻ ነበር የሰማሁት። ሌላው ቀስ እያለ ነው የገባኝ።

ሳህሌ ባጃጁን የሚፈታው እሷ ስትድን የሚወስዳት ነገር እንዲኖር ነው። ሆስፒታሉ በር ላይ ዝም ብሎ መቀመጡ ሊገድለው ነው። ለታምራት ደወልኩና ስልኩን ለሳህሌ ሰጠሁት። ወንድሜ ከቡታጅራ ይናገራል፣ ሳህሌ ይሠራል፣ እኔ ብሎኑን በቀሚሴ ይዤ ቆሜያለሁ። ታንኩን ገለበጠ፣ ቧንቧውን ነፋ፣ ካርቡሬተሩን አውርዶ አጠበ፣ ካንዴላውን በምላጭ ፋቀ። በመሀል ሁለቱ በጉራግኛ ጀመሩት፤ ሳህሌ የሰባት ቤቱን፣ ታምራት የክስታኔውን ነው የሚናገሩት፣ አልተግባቡም፣ ወደ አማርኛ ተመለሱ። ሳህሌ ፈገግ ሲል ያኔ አየሁት።

ታጥቦ ሲያልቅ የሚሞላበት ቤንዚን የለም። መንገዱ ዳር ቆመን ሞተር ባየን ቁጥር እጅ እናነሣለን። ብዙዎቹ አለፉን፤ አልፈርድባቸውም። አንድ የእንስሳት ሐኪም ቆመ። ከራሱ ታንክ በቀጭን ጎማ ስቦ ጥቂት በፕላስቲክ ሰጠን፤ "እኔም ያለኝ ይኸው ነው፣ አታት ያደርሳችኋል" አለ። አፍንጫዬ ላይ አድርጌ አሸተትኩት፣ እጄ ላይ ጠብ አደረግሁት። በረደኝ። ቤንዚን ነው። ባጃጁ ነጭ ጭስ ተፍቶ፣ አስሎ፣ አስሎ፣ ተነሣ።

ሆስፒታል ድረስ አብሬው ሄድኩ። ከበሩ ነው ያየኋት። ተኝታለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። የብርቄ እናት አጠገቧ ሕፃኗን ታቅፈው ተቀምጠዋል፤ "ይህች ማን ናት?" አሉ። ሳህሌ ቤንዚን የቀዳችልኝ ልጅ ናት አላቸው። ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ሰጡኝ። ተቀመጥኩ። 

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። መዝሙሩ አልተሰማኝም። ስለ ብርቄ ጸለይኩ፤ መጸለዬ ለእሷ ይሁን ለራሴ አላውቅም። ሳህሌ ጠዋት ደውሎ ትኩሳቱ አልበረደም ብሎኛል።

ከአምልኮ በኋላ ከድር መጣ። ደጅ ላይ ቆሞ አልገባም አለ። የማደያው ባለቤት ከአዲስ አበባ መጥተዋል አለኝ፤ አቶ ክፍሌም ጥፋቱን በእኔ ላይ አድርገዋል። ክዳኑን ያሳየችው ቀጂዋ ናት፣ እኔ ሕዝቡን እየመለስኩ ነበር ብለዋል። ነገ ፖሊስ ጣቢያ ሁላችንም ቃል እንሰጣለን።

"ያን ቀን እሳቸው ሲያሳዩ አይተሃል?" አልኩት።

"ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር። አንቺ ግን ፓምፑ ጋ እንደነበርሽ አይቻለሁ። ከዚያ አልተነሣሽም። ያንን እናገራለሁ።"

"ሥራህን ታጣለህ።"

"ሥራ ከአላህ ነው" አለ። ከዚያ ሊሄድ ዞር ብሎ፣ "ብቻ ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም" አለ።

ለታምራት አልነገርኩትም። ቢሰማ ዛሬውኑ ይመጣል፣ ይጣላል። ቀኑን ሙሉ እህል አልወረደልኝም። ሁለት ነገር ብቻ እየተፈራረቀ ይመጣብኛል፤ የብርቄ ከንፈርና የአቶ ክፍሌ ላብ። ቢፈርዱብኝስ? የቦቴውን ሹፌር የት ብሎ ማን ያገኘዋል። እኔ ማንም አይደለሁም እዚህ ከተማ፣ የቡታጅራ ልጅ ነኝ፣ ቤት ተከራይ።

ሰኞ

የቦቴው ሹፌር ራሱ መጣ። ወሬውን መንገድ ላይ ሰምቶ ነው። ስሜ ከመነሣቱ በፊት ልናገር ብዬ ነው የመጣሁት አለ። ሽማግሌ ቢጤ ነው፣ ባርኔጣውን አውልቆ ይዞታል። መርማሪው ጠየቀው፤ እኛም እዚያው ነበርን።

"ክዳኑን ማን አሳየህ?"

"እሳቸው" አለ፣ በአገጩ ወደ አቶ ክፍሌ። "እኔም ግን ሳላሸት ቧንቧውን መግጠም አልነበረብኝም። ሕዝቡ ሲገፋ ቸኮልኩ። ጥፋቱ የሁለታችንም ነው። ልጅቷ እኛ ጋ አልደረሰችም።"

አቶ ክፍሌ አንገታቸውን ደፉ። አልካዱም። "ያን ቀን ያየሁት ሰዉን ብቻ ነው" አሉ፤ "ድንጋዩ ነበር የታየኝ።" መስኮታችንን የመታውን ድንጋይ ማለታቸው ነው። አሳዘኑኝ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ስጠላቸው ነበር፣ ዛሬ መጥላቱ አልመጣልኝም። ግን አልረሳሁትም። በእኔ ላይ ሊያደርጉት ነበር።

ባለቤቱ ጉድጓዶቹን አስጠርገው እስኪከፈት ሁላችንም ቤታችን እንድንቆይ አሉ። እኔን ለብቻ ጠርተው "እንጠራሻለን" አሉኝ። እንጠራሻለን ማለት ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። ሞተራቸውን እየገፉ የመጡት ሁለቱ ሰዎች የጥገናውን ወጪ ማደያው ይቻልልን ብለው አመልክተዋል፣ የሳህሌም ገብቷል። ለሁሉም ምስክር ነኝ። ማደያው እንዲህ ያለች ቀጂ ይፈልግ ይሆን?

ሳህሌ ዛሬ አልደወለም። እኔም ልደውል አንሥቼ ተውኩት፣ ሁለት ጊዜ።

ማክሰኞ

ስልኩ የጮኸው ልብስ ሳጥብ ነው። እጄን ሳልጠርግ አነሣሁ።

ትኩሳቱ ትናንት ማታ ለቋታል። ዛሬ ጠዋት ተነሥታ ተቀምጣ አጥሚት ጠጣች። ሕፃኗን ራሷ አጠባች። ሐኪሙ ካያት በኋላ መውጣት ትችላለች ብሏል፤ ወልቂጤ እህቷ ቤት ትታረሳለች። ሳህሌ ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ይቸኩላል፣ ቃሉ ይደራረብበታል። እኔ እሺ፣ እሺ ብቻ ነው የምለው።

ብርቄ ስልኩን ተቀበለችው። ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ደካማ ነው፣ ግን ሙሉ ነው። "ሳህሌ ነግሮኛል" አለች።  "እኔ ስለ ነዳጁ ምንም አላውቅም። ግን በጣም ፈርቼ ነበር። አንድ ሰው መንገድ ልቀቁ ሲል ሰምቻለሁ።"  ይቅር ብላኝ ይሁን፣ ዝም ብላ ነግራኝ ይሁን አልጠየቅሁም።

ባጃጁ ቤንዚን ስለሌለው አታት ይቆያል። በሚኒባስ ይመጣሉ። ሳህሌን ሹፌሩ ከየት እንደቀዳ ጠይቀሃል ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

"ጠይቄዋለሁ" አለ። "ከሆሳዕና ነው። ደግሞ አሽትቼዋለሁ።"

ሳቅሁ። ልብሱን ሳልጨርስ ገብቼ ከትናንት የተረፈውን ሽሮ አሙቄ በላሁ፣ ቆሜ፣ ከድስቱ። ከማደያው የጠራኝ የለም። ነገም ላይጠሩኝ ይችላሉ። ታምራት በዚህ ሳምንት መጨረሻ ነይ እያለ ነው፣ ምናልባት እሄዳለሁ፣ ምናልባት አልሄድም።

ከምሳ በኋላ ዝናቡ ጀመረ። ስልኩን መስኮቱ ጋ፣ ኔትወርክ ያለበት ቦታ አስቀምጬ ከአጠገቡ አልተነሣሁም። መንገዱን በሐሳቤ ሄድኩት፤ አታት፣ ያ አቀበት፣ ጉብሬ፣ ከዚያ ቁልቁለቱ። ዘገዩ። በጣም ዘገዩ።

አሁን ደወለ። ገብተዋል።